አምስት መቶ ዕፅዋትን በመዳብ የቀረጹት ኤልሳቤጥ ብላክዌል

በለንደን ከተማ በቴምስ ወንዝ ዳር የሚገኘው የቼልሲ የመድኃኒት ዕፅዋት አጸድ በረጅም ዘመን ታሪኩ በርካታ ሊቃውንትን፣ ሐኪሞችንና መድኃኒት ቀማሚዎችን አስተናግዷል። በአጸዱ ታሪክ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሳው መካከል ግን የዕፅዋት ሳይንስ ያልተማሩት፣ የሐኪምነት ማዕረግም ያልነበራቸው ሠዓሊና የኅትመት ሥዕል ቀራጭ ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ብላክዌል ይገኙበታል። እኒህ ሴት እ.ኤ.አ ከ1737 እስከ 1739 ባለው ጊዜ ውስጥ 500 የመድኃኒት ዕፅዋትን በእጃቸው ስለው፣ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀርጸውና በቀለም አስውበው በሁለት ቅጽ ለንባብ አብቅተዋል።

ሥራው የተጀመረው ለዝና ወይም ለመዝናኛ ተብሎ አልነበረም። የወይዘሮ ኤልሳቤጥ ባለቤት በዕዳ ምክንያት ለእስር መዳረጋቸውን ተከትሎ ቤተሰቡን ከውድቀት የማዳኑ ኃላፊነት በእሳቸው ትከሻ ላይ ወደቀ። በእጃቸው የነበረው ሀብት የሥዕል ችሎታቸው ብቻ ነበር። ይህ ችሎታ ወደ ሥራ የተለወጠው ደግሞ አንድ የሙያ ማኅበር ለሕዝብ ጥቅም ሲንከባከበው በኖረ የዕፅዋት አጸድ ውስጥ ነው።

ቀደም ሲል የተጻፉ የሕይወት ታሪኮች ወይዘሮ ኤልሳቤጥ በስኮትላንድ በምትገኘው የአበርዲን ከተማ ከነጋዴ ቤተሰብ እንደተወለዱ ይተርካሉ። በቅርብ ዓመታት የደብር መዛግብትን መሠረት አድርጎ የተካሄደ ጥናት ግን የተወለዱት እ.ኤ.አ በ1699 በዚያው በለንደን ከተማ እንደሆነና አባታቸውም ሠዓሊ እንደነበሩ አመልክቷል። ብሩሽና ቀለም በልጅነታቸው በቤታቸው ያዩት የሙያ መሣሪያ ከነበረ፣ በኋላ ላይ በመከራ ጊዜ ያሳዩት የእጅ ብስለት ከየት እንደመጣ ለመረዳት አያዳግትም።

ባለቤታቸው አቶ አሌክሳንደር ብላክዌል በበኩላቸው ከአበርዲን የተማረ ቤተሰብ የተገኙ ነበሩ። አባታቸው ቶማስ ብላክዌል በዚያች ከተማ የማሪሻል ኮሌጅ ኃላፊ ሆነው አገልግለዋል፤ ወንድማቸውም በጥንታዊ የግሪክ ሥነ ጽሑፍ ምርምር የታወቁ ምሁር ነበሩ። አቶ አሌክሳንደር ላቲንና ግሪክን አሳምረው የሚያውቁ፣ ነገር ግን በአንድ ሙያ ጸንተው መቆየት የማይሆንላቸው ሰው እንደነበሩ የሕይወት ታሪካቸው ያሳያል። በሕክምና ሥራ ተሰማርተው እንደነበርና ከዚያም ወደ ለንደን መጥተው በአንድ ማተሚያ ቤት በአራሚነት መሥራታቸው ይነገራል።

ከአራሚነት ቀጥሎም አቶ አሌክሳንደር ስትራንድ በተባለው የለንደን ጎዳና የራሳቸውን ማተሚያ ቤት ከፈቱ። በዚያን ጊዜ የነበረው የሙያ ሥርዓት ግን ማንኛውም ሰው በኅትመት ንግድ ከመሰማራቱ በፊት የተወሰነ ዓመት በተለማማጅነት እንዲያሳልፍ ያስገድድ ነበር። ይህን ግዴታ ሳያሟሉ ሥራ በመጀመራቸው ነባሮቹ አታሚዎች ከሰሷቸው። በቅጣቱና በተከማቸው ዕዳ ምክንያትም እ.ኤ.አ በ1734 ገደማ ማተሚያ ቤቱ ከሰረ። የሕይወት ታሪካቸው ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት አቶ አሌክሳንደር ሁለት ዓመት ያህል በባለዕዳዎች እስር ቤት ቆይተዋል።

በዘመኑ የእንግሊዝ ሕግ ባለዕዳ የሆነ ሰው ዕዳውን እስኪከፍል ወይም ከአበዳሪዎቹ ጋር እስኪስማማ ድረስ ሊታሰር ይችል ነበር። የታሰረ ሰው ደግሞ ሠርቶ ዕዳውን ሊከፍል አይችልም። በሌላ በኩል ያገባች ሴት የምታገኘው ገቢና የምታፈራው ንብረት በሕግ ዓይን የባሏ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ወይዘሮ ኤልሳቤጥ በእነዚህ ሁለት ሕጎች መካከል ነው የቆሙት። ሠርተው የሚያገኙት ገንዘብ በስማቸው ባይመዘገብም፣ ካልሠሩ ግን ቤታቸውን የሚያቆም ሌላ ሰው አልነበረም።

በዚያ ወቅት በለንደን የሚገኙ ሐኪሞችና መድኃኒት ቀማሚዎች አንድ ችግር ነበረባቸው። አብዛኛው መድኃኒት የሚዘጋጀው ከዕፅዋት በመሆኑ አንዱን ተክል ከሌላው መለየት የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር። ለዚህ አገልግሎት ይውሉ ከነበሩት መጻሕፍት ብዙዎቹ ግን በእንጨት ላይ የተቀረጹና ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው ሲገለበጡ የቆዩ ሥዕሎችን የያዙ ነበሩ። ሥዕል ከሥዕል ሲገለበጥ ቅጠሉ ቅርጹን፣ አበባውም ልኩን እያጣ ይሄዳል። ከአሜሪካና ከሌሎች ሩቅ አገሮች በየጊዜው የሚገቡት አዳዲስ ተክሎችም በቀድሞዎቹ መጻሕፍት ውስጥ አልነበሩም።

ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ይህን ክፍተት ተገነዘቡ። የመፍትሔው መገኛም የቼልሲ አጸድ ሆነ። አጸዱን እ.ኤ.አ በ1673 ያቋቋመው የለንደን መድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ሲሆን፣ ዓላማውም ተለማማጅ ቀማሚዎች ተክሎችን በሕይወት ሳሉ እያዩ እንዲማሩ ማድረግ ነበር። ማኅበሩ በገንዘብ እጥረት ሲፈተን ቆይቶ እ.ኤ.አ በ1722 የቦታው ባለቤት የነበሩት ሐኪም ሰር ሃንስ ስሎን በዓመት 5 ፓውንድ ብቻ እየተከፈለ መሬቱ ለዘለቄታው በማኅበሩ እጅ እንዲቆይ አደረጉ። በምላሹም አጸዱ በየዓመቱ 50 የተለያዩ ዕፅዋትን በናሙናነት ለእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር እንዲያስረክብ ግዴታ ጣሉበት።

ይህ ግዴታ አጸዱ በየጊዜው አዳዲስ ዝርያዎችን እንዲሰበስብ አስገደደው። በዚያው ዓመት በዋና አትክልተኛነት የተሾሙት ፊሊፕ ሚለር ከልዩ ልዩ አገሮች ዘር እያስመጡና እየተለዋወጡ አጸዱን በአውሮፓ ከታወቁት ተርታ አሰለፉት። በምድጃ የሚሞቁ የመስታወት ቤቶች ስለነበሩም የሞቃት አገር ተክሎች የለንደንን ክረምት ተቋቁመው ይኖሩ ነበር። ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ካርል ሊኔዎስ እ.ኤ.አ በ1736 ወደ እንግሊዝ በመጡ ጊዜ ይህን አጸድ መጎብኘታቸው የነበረውን ስፍራ ያመለክታል።

የአጸዱ የትምህርት ኃላፊ የነበሩት አይዛክ ራንድ ወይዘሮ ኤልሳቤጥ የሣሏቸውን የመጀመሪያ ሥዕሎች ተመልክተው ሥራውን ደገፉ። ሰር ሃንስ ስሎንና ሌላው የዘመኑ ታዋቂ ሐኪም ዶክተር ሪቻርድ ሚድም በበኩላቸው አበረታቷቸው። የእነዚህ ሰዎች ድጋፍ ትልቅ ትርጉም ነበረው። የዕፅዋት ሳይንስ ያልተማሩት ሠዓሊ የትኛው ተክል ለመድኃኒትነት እንደሚውል፣ የትኛውስ የቅጠል ወይም የፍሬ ምልክት ከሌላው እንደሚለየው የሚያሳያቸው ባለሙያ አገኙ።

ከዚህ በኋላ ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ስዋን ዎክ በሚባለው መንገድ ከአጸዱ ፊት ለፊት ቤት ተከራይተው ገቡ። ቤቱን ከአጸዱ የሚለየው የአንድ መንገድ ስፋት ብቻ ነበር። ይህ ቅርበት ለሥራው ወሳኝ ሆነ። የተቆረጠ ቅጠል ብዙም ሳይቆይ ይጠወልጋል፤ አበባም ቀለሙን ይቀይራል። ተክሉ ትኩስ እንዳለ ለመሣል ከግንዱ እስከ ወረቀቱ ያለው ርቀት አጭር መሆን ነበረበት።

አጸዱ ለወይዘሮ ኤልሳቤጥ ከሞዴልነት ያለፈ አስተማሪ እንደሆነላቸው ከሥራቸው መረዳት ይቻላል። በአብዛኞቹ ሥዕሎች ላይ የተክሉ ቅርንጫፍ ከነቅጠሉና ከነአበባው ሲታይ፣ ከጎኑ ደግሞ ፍሬው፣ ዘሩ ወይም ሥሩ ለብቻው ተነጥሎ ቀርቧል። በተፈጥሮ አበባና ዘር በአንድ ቀን አይገኙም። ሁለቱን በአንድ ገጽ ማቅረብ የሚችለው ወቅቱን ጠብቆ፣ ወደዚያው ተክል ደጋግሞ ተመልሶ የተመለከተ ሰው ነው። አንድ ቀማሚ በገበያ ላይ ሥሩን ብቻ ወይም ዘሩን ብቻ ሊያገኝ ስለሚችልም ይህ አቀራረብ ለተጠቃሚው ቀጥተኛ ጥቅም ነበረው።

ሥዕሉ በወረቀት ላይ ማለቁ የሥራው መጀመሪያ ብቻ ነበር። የመዳብ ኅትመት በዘመኑ ከፍተኛ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሙያ ነው። በቅድሚያ ሥዕሉ በለሰለሰ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ይገለበጣል። ኅትመቱ ሲወጣ ቀኙ ግራ፣ ግራውም ቀኝ ስለሚሆን ቀራጩ ይህን አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል። ከዚያም እያንዳንዱ መስመር ስለት ባለው ብረት ይፈለፈላል፤ ወይም በአሲድ ተበልቶ እንዲጎደጉድ ይደረጋል። ሰሌዳው ቀለም ተቀብቶ ሲወለወል ቀለሙ በተፈለፈሉት መስመሮች ውስጥ ይቀራል። በመጨረሻም እርጥብ ወረቀት ተደርቦበት በከባድ ተሽከርካሪ መጭመቂያ መካከል ሲያልፍ ሥዕሉ ወደ ወረቀቱ ይሸጋገራል።

በመዳብ ላይ የተሳሳተ መስመርን ማረም አስቸጋሪ ነው። ከኅትመቱ በኋላም እያንዳንዱ ቅጂ በእጅና በብሩሽ ቀለም ይቀባል። በዚያ ዘመን ታላላቅ የዕፅዋት መጻሕፍት ሲዘጋጁ አንድ ሰው ይሥላል፣ ሌላው በመዳብ ይቀርጻል፣ ሦስተኛው ደግሞ ቀለም ይቀባል። ለእያንዳንዱ ባለሙያ የሚከፈለው ገንዘብም የመጽሐፉን ዋጋ ያንረዋል። ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ለሌሎች የሚከፍሉት ገንዘብ ስላልነበራቸው ሦስቱንም ሥራዎች ራሳቸው ሠሩ። አስገዳጁ ድህነት መሆኑ ቢታወቅም ውጤቱ ግን ተክሉን በዓይኑ ያየው ሰው እስከ መጨረሻው ቀለም ድረስ ሥራውን የተቆጣጠረበት መጽሐፍ ሆነ።

ለሥዕሎቹ የሚሆነው ጽሑፍ የተዘጋጀው ጆሴፍ ሚለር የተባሉ ጸሐፊ እ.ኤ.አ በ1722 ካሳተሙት የመድኃኒት ዕፅዋት መጽሐፍ በፈቃዳቸው በአጭሩ ተወስዶ ነው። የእያንዳንዱን ተክል ስም በላቲን፣ በግሪክና በሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎች የማዘጋጀቱን ሥራ የሠሩት ደግሞ አቶ አሌክሳንደር ነበሩ። ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ያለቁትን ሥዕሎች ወደ እስር ቤት እየወሰዱ ለባለቤታቸው ያሳዩአቸው እንደነበር ይተረካል። ቤቱን ለውድቀት የዳረገው ኅትመት በዚህ መልኩ ባልና ሚስቱን መልሶ በአንድ ሥራ አገናኛቸው።

መጽሐፉ የወጣው በአንድ ጊዜ አልነበረም። በየሳምንቱ አራት ሥዕሎች ከአንድ ገጽ ማብራሪያ ጋር እየታተሙ ለገዢዎች ይቀርቡ ነበር። ይህ አሠራር ገዢው ትንሽ በትንሽ እየከፈለ መጽሐፉን እንዲያሟላ፣ አዘጋጅዋም ከመጀመሪያው ሳምንት አንስቶ ገቢ እንዲያገኙ አስችሏል። በአንጻሩ ከባድ ግዴታ ያስከትላል። በሳምንት አራት ሥዕል ሲሰላ 500 ሥዕሎችን ለመጨረስ 125 ሳምንታት ያስፈልጋሉ። ሥራው ሕመም ወይም ድካም ቢገጥም የጊዜ ሰሌዳውን ጠብቆ መውጣት ስለነበረበት፣ ከሁለት ዓመት በላይ በየሳምንቱ የተከፈለ ልፋት ነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ቅጽ እ.ኤ.አ በ1737 በአሳታሚው ሳሙኤል ሃርዲንግ አማካይነት ሲወጣ ሁለተኛው በ1739 ተጠናቀቀ። በመጽሐፉ የመጀመሪያ ቁጥር የተሰጠው በየሜዳው ለሚበቅለው ዳንዴሊየን ለተባለው ቢጫ አበባ ነው። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ የፍቅር ፖም ይባል የነበረው ቲማቲም፣ ከአሜሪካ የመጣው የካካዎ ዛፍና ሌሎች የሩቅ አገር ተክሎችም ተካተዋል።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢያን ልዩ ትርጉም የሚኖረው ደግሞ የቡና ተክል በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ መገኘቱ ነው። በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ሊቃውንት ቡናን ያወቁት በየመን በኩል ስለነበር ተክሉን የዐረብ ጃስሚን ብለው ይጠሩት ነበር። ሊኔዎስ እ.ኤ.አ በ1753 የሰጡት ኮፊያ አራቢካ የተሰኘው ሳይንሳዊ ስምም ይህንኑ አመለካከት ተከትሏል። መገኛው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን የሆነው ተክል በለንደን በመዳብ ሰሌዳ ላይ ሲቀረጽ የትውልድ አገሩ በስሙ ውስጥ አልተጠቀሰም።

የለንደን ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ መጽሐፉን መርምሮ በይፋ የድጋፍ ማረጋገጫ ሰጠ። በዚያ ዘመን አንዲት ሴት ያዘጋጀችው የሕክምና መርጃ መጽሐፍ ከእንዲህ ያለ ተቋም እውቅና ማግኘቱ እምብዛም የተለመደ አልነበረም። ማረጋገጫው በመጽሐፉ ውስጥ ስለታተመ የገዢዎችን እምነት አጠናከረ። ከሽያጩ በተገኘው ገንዘብም የአቶ አሌክሳንደር ዕዳ ተከፍሎ ከእስር መፈታታቸው ይነገራል።

ሥራው ተፈላጊ እንደሆነ ግን ሌሎች ነጋዴዎች ሥዕሎቹን እየገለበጡ ማተም ጀመሩ። በእንግሊዝ የኅትመት ሥዕል ሠሪዎችን መብት ለ14 ዓመታት የሚያስከብር ሕግ የወጣው በሠዓሊው ዊልያም ሆጋርትና በሌሎች የሙያ ባልደረቦቻቸው ጥረት እ.ኤ.አ በ1735 ነበር። የብላክዌል ወገን በዚህ ሕግ መሠረት ሃርፐር በተባለ ተከሳሽ ላይ ያቀረበው ክስ እ.ኤ.አ በ1740 በቻንስሪ ፍርድ ቤት ሎርድ ሃርድዊክ ዘንድ ታየ።

በጉዳዩ ከተነሱት ጭብጦች አንዱ ተክል የተፈጥሮ እንጂ የሠዓሊ ፈጠራ ባለመሆኑ ሥዕሉ በሕግ ሊጠበቅ ይገባዋልን የሚል ነበር። ሎርድ ሃርድዊክ የሕጉ ጥበቃ ከአእምሮ በፈለቁ ሥዕሎች ብቻ እንደማይወሰን፣ በተፈጥሮ ያለን ነገር ስሎ በመቅረጽ የተገኘ ሥራንም እንደሚያካትት ተረጎሙ። ይህ ትርጓሜ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ታሪክ ውስጥ በቀደምትነት ከሚጠቀሱት መካከል ነው። ቅጠሉ የማንም ባይሆንም ቅጠሉን አይቶ በመዳብ ላይ ያሰፈረው እጅ ባለመብት ሊሆን እንደሚችል አረጋገጠ።

የቤተሰቡ ሰላም ግን አልዘለቀም። አቶ አሌክሳንደር ከእስር ከወጡ በኋላ በግብርና ማሻሻል ሥራ ተሰማርተው እ.ኤ.አ በ1741 ቀዝቃዛና ጭቃማ መሬትን ስለማልማት መጽሐፍ አሳተሙ። ወዲያውም ባለቤታቸውን በእንግሊዝ ትተው ወደ ስዊድን በማምራት የንጉሥ ፍሬድሪክ ቀዳማዊ ሐኪም ለመሆን በቁ፤ የሞዴል እርሻ ኃላፊነትም ተሰጣቸው። ይሁን እንጂ በስዊድን የዘውድ ወራሽነት ጉዳይ ላይ አሲረዋል በሚል ተከሰው እ.ኤ.አ በ1747 በስቶክሆልም አንገታቸው ተቀላ። ወይዘሮ ኤልሳቤጥ በዚያን ወቅት ወደ ባለቤታቸው ለመሄድ በዝግጅት ላይ እንደነበሩ ይተረካል።

ወይዘሮ ኤልሳቤጥ እ.ኤ.አ በ1758 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በጥቅምት ወር በቼልሲ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን የተፈጸመው ቀብራቸው ዕፅዋቱን ሲሥሉ ከኖሩበት አጸድ ብዙ ሳይርቅ ነበር።

ሥራቸው ግን ከእንግሊዝ ድንበር ተሻግሯል። በጀርመን የኑረምበርግ ከተማ ሐኪም የነበሩት ክሪስቶፍ ያኮብ ትሬው መጽሐፉን በላቲንና በጀርመንኛ ጽሑፍ አስፋፍተው ማሳተም ጀመሩ። ሥዕሎቹ በኒኮላውስ ፍሬድሪክ አይዘንበርገር እንደገና ተሥለውና ተቀርጸው፣ ሌሎች ተክሎችም ተጨምረውበት ኅትመቱ እ.ኤ.አ እስከ 1773 ድረስ ቀጠለ። ትሬው ይህን ሰፊ ሥራ ሲያዘጋጁ በርዕሱ ላይ የብላክዌልን ስም ጠብቀው ማቆየታቸው ለመጀመሪያዋ ሠዓሊ የሰጡትን ክብር ያሳያል።

በእርግጥ የወይዘሮ ኤልሳቤጥ መጽሐፍ እንከን የሌለበት አልነበረም። የማብራሪያ ጽሑፉ ከሌላ ሰው ሥራ የተወሰደ ነው። የአበባ ውስጣዊ ክፍሎችን በዝርዝር በማሳየት ረገድም ከእሳቸው በኋላ የመጡት የዕፅዋት ሠዓሊዎች ይበልጧቸዋል። ትሬው ሥዕሎቹን እንደገና ያሠሩትም ይህን ጉድለት ለማሟላት ነበር። ያም ሆኖ በአንድ ሰው እጅ ተሥሎ፣ ተቀርጾና ቀለም ተቀብቶ በዚህ ስፋትና በዚህ ፍጥነት የተጠናቀቀ የዕፅዋት መጽሐፍ ማግኘት ያዳግታል።

የቼልሲ አጸድ ዛሬም በቀድሞው ቦታው ላይ ይገኛል። ለረጅም ዘመን ለባለሙያዎች ብቻ ክፍት ሆኖ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ ከ1983 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። የመጽሐፉ ቅጂዎችም በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍትና በሌሎች ታላላቅ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ይገኛሉ።

ከወይዘሮ ኤልሳቤጥ ሕይወት የሚቀሰመው ትምህርት የአንድን ሰው ጽናት ብቻ የሚመለከት አይደለም። ጽናታቸው ፍሬ ሊያፈራ የቻለው ማኅበሩ አጸዱን ስለጠበቀ፣ የቦታው ባለቤት መሬቱን ለጋራ ጥቅም ስላዋሉ፣ ኃላፊው አይዛክ ራንድም የዕፅዋት ሳይንስ ላልተማረች ባለጉዳይ በሩን ስለከፈቱ ነው። በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ጉዳዩ ምናልባት ከዕለት ሥራቸው አንዱ ነበር። ለወይዘሮ ኤልሳቤጥ ግን ያ በር መከፈቱ ቤታቸውን ያቆመ፣ 500 ዕፅዋትንም ለትውልድ ያስተላለፈ ሆኖ አልፏል።